ባሕር ጠለል ላይ የተሠራ ሞኒተር፣ ደጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከአልጋው ራስጌ የሚሰቀለውን ስክሪን በፊልምም ሆነ በአካል ሳታዩት አትቀሩም። አረንጓዴ መስመር ይዘላል፣ ቁጥሮች ይበራሉ፣ አንዳንዴ ይጮኻል። ቁጥር ስለሆነ ደግሞ እናምነዋለን። የዛሬው ጽሑፍ ይህን እምነት የሚተች ነው። ማሽኑ አያስፈልግም ልል አይደለም፤ በጣም ያስፈልጋል። የምለው ሌላ ነው፦ ማሽኑም፣ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያም፣ የእኛ የመሐንዲሶች አስተሳሰብም የተቀረጸው ለሌላ አገር ሆስፒታል ነው። ጎንደር ላይ፣ ከዚያም አልፎ ወገራና ደባርቅ ደጋ ላይ ሲደርስ ክፍተት ይፈጠራል። ያንን ክፍተት በዝምታ የምትሞላው ነርሷ ናት። ካልተሞላ ደግሞ ሰው ይሞታል።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ሐኪምም ነርስም አይደለሁም። ስለዚህ ትችቴ የሚጀምረው ከማውቀው ነገር፣ ከመለኪያው ነው።

ግፊት ሌላ፣ ፍሰት ሌላ

ሄሞዳይናሚክ ክትትል የሚለው ስም ከከበዳችሁ ቀለል አድርገን እንየው። ሄሞ ደም ነው፣ ዳይናሚክ ደግሞ እንቅስቃሴ። ልብ ትገፋለች፣ ደም በቧንቧው ይሄዳል፣ ኦክስጅን ለአንጎል፣ ለኩላሊት፣ ለጉበት ይደርሳል። የክትትሉ ጥያቄ አንድ ነው፦ ደሙ መድረስ ያለበት ቦታ እየደረሰ ነው ወይ?

ችግሩ ይህን በቀጥታ መለካት ከባድ መሆኑ ነው። ቀላሉ ግፊትን መለካት ነው። ግን ግፊትና ፍሰት አንድ አይደሉም። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጭምቅ አድርጋችሁ ያዙት። ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ባልዲው ውስጥ የሚገባው ውሃ ግን ይቀንሳል። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሰውነትም መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠብባል። ስክሪኑ 110/85 ይላል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "ደህና ነው" ብሎ ያልፋል። እግሩን የነካች ነርስ ግን ቅዝቃዜው ይነግራታል። የሽንት ከረጢቱን ያየች ነርስም ኩላሊቱ ደም እንደጠማው ታውቃለች። አንድ ትልቅ ሰው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል መሽናት አለበት፤ 60 ኪሎ ከሆነ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ነገሩ ያሳስባል። ይህ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የለም። የሚገኘው ከአልጋው በታች ነው፤ ያውም ጎንበስ ላለ ሰው ብቻ።

ብዙ መለካት በራሱ ሕይወት ያድናል የሚለው እምነት በሀብታም አገሮችም ተፈትኖ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ጄረሚ ስዋንና ዊልያም ጋንዝ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ በልብ ውስጥ አልፎ እስከ ሳንባ ደም ቧንቧ የሚደርስበትን ዘዴ አሳተሙ። ቱቦው ለብዙ ዓመታት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኩራት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ከ5,700 በላይ ሕመምተኞችን የተመለከተ ጥናት ግን ቱቦው የገባላቸው ሰዎች የበለጠ እንደሚሞቱ አየ። ያ ጥናት ሕመምተኞቹን በዕጣ የደለደለ ስላልነበረ ክርክሩ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ በዕጣ የተደለደለ ሙከራ ሲወጣ ቱቦው አልጎዳም፣ አልጠቀመምም። ምክንያቱ የሚገርም አይደለም፤ ቴርሞሜትርም ትኩሳት አያወርድም። መለኪያ የሚጠቅመው ቁጥሩ ትክክል ከሆነ፣ የሚያነበው ሰው ከገባው፣ ከቁጥሩ በኋላ የሚደረገው ነገርም ትክክል ከሆነ ነው። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

15 ሴንቲ ሜትር

በጣም ለታመመ ሰው የደም ግፊት በየሰከንዱ ይለካል። አርተሪ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ውሃ ሞልቶ ከግፊት ሴንሰር ጋር ይገናኛል። ሴንሰሩ ከልብ ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ነርሷ አራተኛውን የጎድን አጥንት ክፍተት በጣቷ ቆጥራ፣ ከብብት መሃል በሚወርደው መስመር ላይ ታስተካክለዋለች።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ውሃ ክብደት ስላለው። እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ 0.74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አሁን እስቲ እናስብ፦ ሴንሰሩ ምሰሶ ላይ ታስሯል፣ አንድ ሰው አልጋውን በ15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረገው። ሕመምተኛው ወጣ፣ ሴንሰሩ ታች ቀረ። ቁጥሩ በ11 ያህል ይጨምራል። እውነተኛው አማካይ ግፊት 56 የሆነ ሰው ስክሪኑ ላይ 67 ሆኖ ይታያል። ዓለም አቀፉ የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ ደግሞ ዝቅተኛው ዒላማ 65 ነው ይላል። ሰውዬው በስክሪኑ ላይ ድኗል፤ አልጋው ላይ ግን እየሞተ ነው።

አስታማሚው ከጎን ሆኖ "ሲስተር፣ አባቴ ተሻላቸው መሰለኝ፣ ቁጥሩ እኮ ጨመረ!" ቢል ምን ትመልሳለች? ጥሩ ነርስ መጀመሪያ የምታየው ስክሪኑን አይደለም፤ አልጋውን ነው። ይህ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ፣ ማሽኑም የማይሠራው ሥራ ነው። ሞኒተሩ አልጋው መነሳቱን አያውቅም። ለዓመታት ስንሠራው የኖርነው መሣሪያ ራሱ ሲሳሳት ራሱን መጠርጠር አይችልም። የመጀመሪያው ትችቴ ይህ ነው።

ክንድ ላይ የሚታሰረው ካፍም ንጹሕ አይደለም። አውቶማቲኩ ማሽን በቀጥታ የሚያገኘው አማካዩን ግፊት ነው፤ የካፉ ርግብግቢት ከፍ ብሎ የሚታየው እዚያ አካባቢ ነውና። የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር አምራቹ ምስጢር አድርጎ በያዘው ስሌት ይገምታቸዋል። የልብ ምት ሲዘበራረቅ ግምቱ ይዋዥቃል። በአገራችን ብዙ ወጣቶች በሩማቲክ የልብ ሕመም ይጎዳሉ፤ ይህ ሕመም ደግሞ ምትን ያዘበራርቃል። ካፉ ለክንዱ ሲጠብ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ይነበባል፤ ሲሰፋ ወደ ታች ያዘነብላል። በአንድ ልክ ካፍ ሁሉንም ሰው የሚለካ ክፍል ካለ፣ የሚለካው የካፉን ልክ ጭምር ነው።

ደጋው የሚያመጣው ጥያቄ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር ታልፋለች። ከሰሜን ተራሮች መንደሮች አንዳንዶቹ ከ3,500 ሜትር ይዘልላሉ። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ጎንደር ላይ ወደ 590፣ ደባርቅ ላይ ወደ 540 ይወርዳል።

እዚህ ጋ ደስ የሚል ፊዚክስ አለ። የደም ግፊት ንባብ ከፍታ አይገደውም። 120 ስንል "ከውጪው አየር በ120 ይበልጣል" ማለታችን ነው። ነርሷ ሴንሰሩን ለአየር ከፍታ "ዜሮ" የምታደርገውም ለዚህ ነው፤ "የዛሬው የጎንደር አየር መነሻህ ነው" እያለችው ነው። ኦክስጅን ግን እንዲህ አይደለም። አየር ውስጥ ያለው ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የሚገፋበት ኃይል ነው። ራሳችሁ አስሉት፦ ከአየሩ ግፊት ላይ አየር ቱቧችን ውስጥ ለሚጨመረው የውሃ ትነት 47 ቀንሱ፣ ከዚያ በ0.21 አባዙ። ባሕር ጠለል ላይ 150 ይመጣል። ጎንደር ላይ 114። ደባርቅ ላይ 104 ገደማ።

ስለዚህ በአንድ ስክሪን ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይበራሉ። አንደኛው ከፍታ የማይነካው፣ ሁለተኛው ከፍታ የሚጫነው። ስክሪኑ ግን ልዩነቱን አይነግራችሁም። ብዙ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የኦክስጅን ደወላቸው 90 በመቶ አካባቢ ላይ ተሞልቶ ነው። ይህ ገደብ ለየትኛው ከተማ፣ ለየትኛው ሰው እንደታሰበ የሚገልጽ ነገር የለም። ደወሉ ደጋግሞ ከጮኸ ጆሮ ይለምደዋል፤ ጆሮ የለመደው ደወል ደግሞ ደወል አይደለም።

"እንግዲያው የደጋ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ቢል ልማዱ ነው፣ ተዉት" እንበል? ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ታዋቂ ጥናት የተሠራው እዚሁ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ነው። 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለኩ። አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ ሆነ። ሄሞግሎቢናቸውም ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር፤ ቆላ ላይ ከሚጠበቀው ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ኦክስጅናቸው ዝቅ ይላል። የእኛዎቹ ሁለቱንም አልሆኑም፤ ተመራማሪዎቹም "ሦስተኛ መንገድ" አዩ።

ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። በዚያ ጥናት መሠረት ከተራራው መንደር በአልጋ ተጭኖ የመጣ ገበሬ 86 በመቶ ቢያሳይ "ደገኛ ስለሆነ ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም። በርግጥ በአንድ ቦታ የተለካ አማካይ ለሁሉም መንደር ሕግ አይሆንም። ግን ትችቴ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ዓለም የሚያውቀው መረጃ የተለካው በእኛ ተራራ፣ በእኛ ሰው ጣት ላይ ነው። ታዲያ ያ ቁጥር ሕመምተኛው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ ለምን የለም?

ሌላም አለ። ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲሜትር ቀይና የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት አሳልፎ ነው የሚሠራው፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው ያመጣው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ኦክሲሜትሩ ደህና ቁጥር እያሳየ የደማቸው ኦክስጅን ግን በጣም ዝቅ ያለ ሰዎችን ፈለገ። ነጮች ላይ 3.6 በመቶ፣ ጥቁሮች ላይ 11.7 በመቶ አገኘ። ሦስት እጥፍ ገደማ! መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ላይ ወደ መልካም ዜና ያዘነብላል ማለት ነው። ለእኛ ይህ የሩቅ ዜና አይደለም።

የተዋሰ ፕሮቶኮል

ቁጥሩ ትክክል ነው እንበል። ቀጥሎ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ አፍሪካ ውድ ዋጋ ከፍላ የተማረችው ትምህርት አለ።

በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 3,141 ከባድ ትኩሳት የያዛቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናት ላይ የተሠራ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። የሀብታም አገር መመሪያ እንደሚያዘው በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት የተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶው ወደ 10.5 ያህሉ ሞቱ፤ በፍጥነት ያልተሰጣቸው 7.3። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዛምቢያው ውጤት ወጣ። ሴፕሲስና ዝቅተኛ ግፊት የነበራቸው አዋቂዎች፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ቶሎ ፈሳሽ፣ የግፊት መድኃኒትና ደም መስጠትን ያካተተው ፕሮቶኮል ከደረሳቸው 48.1 በመቶ፣ የተለመደው እንክብካቤ ከደረሳቸው 33 በመቶ ሞቱ።

ፈሳሽ መርዝ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ሊሆን የሚችል ማብራሪያ ይህ ነው፦ ፕሮቶኮሉ የተወለደበት ቦታ ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ቢገባ የመተንፈሻ ማሽን ከአልጋው አጠገብ አለ። የተላከበት ቦታ ግን ማሽኑ የለም። መመሪያው መጣ፣ መመሪያው የተደገፈበት ግድግዳ ግን አብሮ አልመጣም። ጎንደርም ሆነ ደባርቅ ላይ ግሉኮስ ተሰቅሎ ሲንጠባጠብ የሕመምተኛውን ትንፋሽ የምትቆጥር፣ ሳንባው ሲንኮራኮር ሰምታ ሐኪሙን የምትጠራ ነርስ ያ ግድግዳ ናት።

በራስ ልክ መስፋት እንደሚቻል ሩዋንዳ አሳይታለች። የደም ጋዝ ምርመራና የመተንፈሻ ማሽን እንደ ልብ በማይገኝበት ሆስፒታል ከባድ የሳንባ ጉዳትን በጣት ኦክሲሜትር ለመለየት የሚያስችል "የኪጋሊ ማሻሻያ" የሚባል ፍቺ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓለም አቀፉ ፍቺ ራሱ ሲከለስ የጣት ኦክሲሜትርን ተቀበለ። ከኪጋሊ የወጣ ሐሳብ ዓለምን ከቀየረ ከጎንደር የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ጣትና ሰዓት

እስቲ የሚከተለውን ሞክሩ። የአንድ ሰው ጠቋሚ ጣት ጫፍን ነጭ እስኪሆን ለ10 ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁ። ቀለሙ በስንት ሰከንድ ይመለሳል? ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ ደሙ ጫፍ ድረስ እየደረሰ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአምስት የደቡብ አሜሪካ አገሮች 424 በሴፕሲስ ሾክ የተጠቁ ሰዎች ላይ በተሠራ ሙከራ፣ ሕክምናቸው በዚህ የጣት ምርመራ ከተመራ ሰዎች 34.9 በመቶ፣ ላክቴት በሚባል የደም ምርመራ ከተመራ ደግሞ 43.4 በመቶ በ28 ቀን ውስጥ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መስፈርት ለጥቂት ስላልበቃ "ጣት ይበልጣል" አንልም። ነገር ግን ውዱ የደም ምርመራ ከነርስ ጣት እንደሚሻል የሚያሳይ ነገር አልተገኘም።

ይህን ያነበበ "እንግዲያው ማሽን ለምኔ!" ሊል ይችላል። ቆይ፣ አይሆንም። ዓይን የከንፈር መጥቆርን የሚያየው ኦክስጅን በጣም ከወረደ በኋላ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ይብሳል። የጣት ምርመራውም ቅዝቃዜ ያታልለዋል። የደባርቅ ማለዳ ብርድ ጤነኛ ሰውንም ጣት ያደርቃል፤ ስለዚህ እጁን ሳያሞቁ መለካት ሌላ የውሸት ቁጥር ማምረት ነው። አንዱ መለኪያ የሌላውን ስሕተት ያጋልጣል፤ ዓይንም፣ ጣትም፣ ማሽንም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እነዚህን ሁሉ አገናኝቶ የሚያነበው ሰው አልጋው አጠገብ የቆመው ነው። ያንን ሰው "ቁጥር መዝጋቢ" ብለን ካሠለጠንን፣ በየሰዓቱ ቻርት ከመሙላት ሌላ ጊዜ ካልሰጠነው፣ ውዱን ሴንሰር አጥፍተነዋል ማለት ነው።

ለእኛ ለመሐንዲሶች

የትችቴ ትልቁ ድርሻ ለራሴ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ሀብት አነስተኛ በሆነባቸው 16 አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎች ተቆጥረው 38.3 በመቶ የሚሆኑት አይሠሩም ነበር። ሞኒተር ሲለገስ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። የአርተሪ ግፊት ሴንሰሩ ግን ለአንድ ሕመምተኛ አገልግሎ የሚጣል ዕቃ ነው። ሞኒተር ገዝቶ ሴንሰሩን አለመግዛት መኪና ገዝቶ ነዳጅ እንደመርሳት ነው። ለካፉ፣ ለኬብሉ፣ ለባትሪው፣ ለባዮሜዲካል ባለሙያው በጀት የሌለው ግዢ ግማሽ ግዢ ነው።

ጎንደር በዚህ ነገር ጥሩ ታሪክ አላት። የዛሬው የሕክምና ኮሌጅ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ደምቢያን ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ ገና ትኩስ ነበር። ኮሌጁ የውጪ ሆስፒታልን አልኮረጀም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን አሠልጥኖ ገጠር ላከ። ከአካባቢው ችግር ተነሥቶ ሥልጠናውን ቀረጸ። የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤም ያንኑ መንገድ ይጠይቃል።

የምጠይቀው ቅንጦት አይደለም። በየሆስፒታሉ ከፍታ ልክ የጤነኛ ሰዎች ኦክስጅን ተለክቶ የራሱ ሠንጠረዥ ይለጠፍ። የደወል ገደብ በፋብሪካው ሳይሆን በነርሶችና በሐኪሞች ስብሰባ ይወሰን፤ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛም በፈረቃ ርክክብ ይከለስ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የተለካበት ከፍታ ይጻፍ፤ ከደባርቅ ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር የደረሰ ሰው ኦክስጅኑ የተሻለው ስለዳነ ነው ወይስ ስለወረደ? መሐንዲሱም ማሽን ሲበላሽ ብቻ አይጠራ፤ አንድ የሌሊት ፈረቃ አብሮ ይቁም።

ከእናንተ አንዳንዳችሁ ነርስ፣ አንዳንዳችሁ መሐንዲስ፣ አንዳንዳችሁም የግዢ ኮሚቴ አባል ትሆናላችሁ። ያኔ ሻጩ የሚያብረቀርቅ ስክሪን ሲያሳያችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ይህ ቁጥር እንዴት ነው የተገኘው? ማን ላይ፣ በስንት ሜትር ከፍታ ተፈተነ? አልጋው ከፍ ቢል ያውቃል? ሦስተኛውን ሲሰማ ዝም ካለ፣ የነርሶቹን ቁጥር ጨምሩ።